ፕሮስቴቱ ወጥቷል፣ ታዲያ ጨረሩ ለምን መጣ?

የፕሮስቴት ካንሰር ኦፕራሲዮኑ አልቋል፣ ካቴተሩ (የሽንት ቱቦው) ተነቅሏል፣ ሰውዬው ቀስ እያለ ወደ ስራው እየተመለሰ ነው። ሐኪሙም «ሙሉ በሙሉ አውጥተነዋል» ብሏል። ከዛ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ወር ቀጠሮ ላይ «የጨረር ሐኪም ጋ ብትሄድ ጥሩ ነው» የሚል ነገር ዱብ ይላል፣ ቤተሰቡ በሙሉ ይደነግጣል። ወጥቷል አላላችሁም እንዴ? የዚህ ተቃራኒም አለ። የወጣው ዕጢ ምርመራ ወረቀት ላይ ደስ የማይል ነገር ተጽፎ እያለ ሐኪሙ «አሁን ምንም አናደርግም፣ ፒኤስኤውን እየለካን እንጠብቅ» ይላል (ፒኤስኤ በደም የሚለካ ነገር ነው፣ እመለስበታለሁ)፣ ያኔ ደግሞ ሰው የተረሳ ይመስለዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እየተባልን ያደግን ሰዎች ስለሆንን መጠበቅ ቸልተኝነት ነው የሚመስለን።

ሁለቱም ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም፣ ለምን ቢባል ህክምናው ራሱ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሙን የቀየረው በቅርብ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሙ ጠብቅ ሲልም ሆነ አሁኑኑ ጀምር ሲል ከጀርባው ምን እያሰላ እንደሆነ በተራ አማርኛ ለማስረዳት ልሞክር።

ኦፕራሲዮኑ ምኑን አወጣ፣ ምኑንስ ሊተው ይችላል?

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ስር ያለች ትንሽ ዕጢ ናት፣ የሽንት ቧንቧው መሐል ለመሐሏ ያልፋል፣ ከኋላዋ ፊንጢጣ አለ። ኦፕራሲዮኑ ላይ ዕጢዋ ከነዘር ከረጢቶቿ ትወጣለች፣ አንዳንዴ በአካባቢው ያሉ ንፍፊቶችም አብረው ይወጣሉ፣ ከዛ ፊኛው ወደ ታች ተስቦ ከሽንት ቧንቧው ጋር ይሰፋል። ይቺን ስፌት ያዙልኝ፣ በኋላ ስለ ጨረር ጉዳት ስናወራ ትመጣለች።

ቀዶ ህክምና የሚታየውን ነው የሚያወጣው። 1 ሚሊ ሜትር የምታክል የካንሰር ቅንጣት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ህዋሶች ሊኖሩ ይችላሉ፣ እና ከዛም ያነሰች ነገር ከዕጢዋ ወጣ ብላ አጠገቧ ያለው ስጋ ውስጥ ተሰግስጋ ከሆነ የትኛውም ሐኪም አያያትም፣ የትኛውም ማሽን ላያሳያት ይችላል። የቤት እሳት ጠፍቶ አመድ ስር ረመጥ እንደሚቀረው ማለት ነው። ከላይ ሲያዩት ጠፍቷል፣ ስሩ ያለው ግን ሊቀዘቅዝም ሊነሳም ይችላል።

ጥያቄው እንግዲህ ይሄ ነው፦ እሳቱ የነበረበትን ክፍል በሙሉ አሁኑኑ ውሃ እናልብሰው ወይስ ቁጭ ብለን ጭስ እንጠብቅ? ውሃው ደግሞ ያለ ዋጋ አይመጣም፣ ያልተቃጠለውን ዕቃም ያበሰብሳል።

ጭሱ ምንድነው?

ጭሱ ፒኤስኤ ነው። ፒኤስኤ የፕሮስቴት ህዋሶች የሚሰሩት ፕሮቲን ነው፣ ጤነኛውም ህዋስ ይሰራዋል፣ ካንሰሩም ይሰራዋል። ከኦፕራሲዮን በፊት ለዚህ ነው የሚያወዛግበው፣ ፕሮስቴት በእድሜ ስታድግም፣ ኢንፌክሽን ሲኖርም ከፍ ይላል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ግን ፋብሪካው ስለወጣ ነገሩ በጣም ይጠራል። ደም ውስጥ ያለው ፒኤስኤ በ2 እና 3 ቀን ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ 8 የነበረው ሰው በ6 ሳምንት ውስጥ ቢያንስ 14 ጊዜ ይገመስለታል፣ በእጃችሁ ካልኩሌተር ካለ ሞክሩት፣ ከ0.001 በታች ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ምንም።

ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ የሚለካው የመጀመሪያው ፒኤስኤ ትልቅ ነገር ነው። «ከ0.1 በታች» ወይም «የማይለካ» ከተባለ ጥሩ ነው። ያኔም 0.1 እና ከዛ በላይ ሆኖ ከቀረ ግን ታሪኩ ሌላ ነው፣ ያ «ተመልሶ መጣ» አይባልም፣ መጀመሪያውኑ አልሄደም ነው የሚባለው፣ የጨረር ሐኪም ቶሎ ማየት ያለበትም ይሄን ሰው ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር፣ በጣም ስለሚያስጨንቅ። አንዳንድ ላብ 0.01 ድረስ የሚለካ በጣም ስሱ ማሽን አለው፣ እና 0.01 የነበረው 0.02 ሲሆን ሰው «በእጥፍ ጨመረ!» ብሎ እንቅልፍ ያጣል። እዚህ ደረጃ ላይ ያለ ልዩነት የማሽኑ መዋዠቅ ሊሆን ይችላል። ሲቆረጥ የተረፈች ጤነኛ የፕሮስቴት ቁራጭም ጥቂት ፒኤስኤ ልትሰራ ትችላለች። ዋናው ቁጥሩ ወዴት እየሄደ ነው የሚለው ነው፣ ለዚህ ደግሞ ሁሌ አንድ ላብ ላይ መለካት፣ የተለያየ ማሽን የተለያየ ቁጥር ይሰጣልና።

የፓቶሎጂ ወረቀቱ ላይ ያሉት ፊደሎችና ቁጥሮች ምንድናቸው?

የወጣችው ዕጢ ተቆራርጣ በማይክሮስኮፕ ትታያለች፣ ውጤቱ በጽሑፍ ይመጣል። ብዙ ሰው ይቺን ወረቀት አጣጥፎ ፋይል ውስጥ ይከታታል፣ ውሳኔው ግን ግማሹ እሷ ላይ ነው ያለው። አውጧትና አብረን እንያት።

መጀመሪያ ግሊሰን የሚባለውን ፈልጉ፣ 3+4 ወይም 4+5 ምናምን ተብሎ የተጻፈው። ዶናልድ ግሊሰን የተባለ አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት በ1960ዎቹ ያመጣው አሰራር ነው፣ ህዋሶቹ መልካቸው ምን ያህል ከጤነኛው እንደራቀ ከ3 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል (1 እና 2 ዛሬ በተግባር አይሰጡም)። የመጀመሪያው ቁጥር በብዛት የታየው፣ ሁለተኛው ቀጥሎ የታየው ነው። ስለዚህ 3+4 እና 4+3 ሁለቱም ድምራቸው 7 ቢሆንም እኩል አይደሉም፣ ሁለተኛው ይብሳል፣ ክፉው 4 ነው ያመዘነውና። በዚህ ግራ መጋባት የተነሳ ነው አሁን «ግሬድ ግሩፕ» የሚባል ከ1 እስከ 5 የመጣው፣ 3+3 ግሩፕ 1 ነው፣ 3+4 ሁለት፣ 4+3 ሦስት፣ ድምሩ 8 ከሆነ አራት፣ 9 እና 10 ደግሞ አምስት።

ቀጥሎ ቲ የሚለው ፊደል አለ። ቲ2 ማለት ካንሰሩ ዕጢዋ ውስጥ ብቻ ነበር ማለት ነው። ቲ3ኤ ማለት ሽፋኗን አልፎ ወጥቷል። ቲ3ቢ ማለት የዘር ከረጢቱ ውስጥ ገብቷል፣ ይሄኛው ከበድ ይላል። ኤን ደግሞ ስለ ንፍፊቶቹ ነው፣ ኤን0 ንጹህ፣ ኤን1 ካንሰር ተገኝቶባቸዋል።

ከዛ «ማርጂን» የሚለው አለ፣ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። ፓቶሎጂስቱ የወጣውን ስጋ የውጭ ጠርዝ ቀለም ይቀባዋል፣ ከዛ ቆርጦ ሲያየው ካንሰሩ ቀለሙን ነክቶ ከተገኘ «ፖዘቲቭ ማርጂን» ይባላል። መቀሱ ያለፈው በካንሰሩ ላይ ነው እንደማለት፣ ስለዚህ ማዶ የቀረ ነገር ሊኖር ይችላል። ሊኖር ይችላል ነው፣ አለ ማለት አይደለም። ማርጂናቸው ፖዘቲቭ ሆኖ ፒኤስኤያቸው ለዓመታት ዝም ያለ ብዙ ወንዶች አሉ። ጠርዙን የነካው በስንት ሚሊ ሜትር ርዝመት ነው፣ በአንድ ቦታ ነው በብዙ፣ የነካው ህዋስስ ግሊሰን 3 ነው 4፣ ይሄ ሁሉ ይለያያል።

አሁን ወይስ ጭስ ሲታይ?

ዋናው ክርክር እዚህ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፒኤስኤ ገና የማይለካ እያለ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት 6 ወራት ገደማ ውስጥ፣ ወረቀቱ አስጊ ስለሆነ ብቻ ጨረር መስጠት ነው፣ የመከላከያ ጨረር እንበለው። ሁለተኛው ፒኤስኤውን በየጥቂት ወሩ እየለኩ መጠበቅና ማንሰራራት ሲጀምር፣ ገና ትንሽ እያለ መስጠት ነው፣ ይሄኛውን የማዳኛ ጨረር እንበለው።

ለረጅም ጊዜ የመጀመሪያው ነበር አሸናፊ የሚመስለው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የተጀመሩ ሦስት ትልልቅ ጥናቶች፣ አንዱ አሜሪካ ሁለቱ አውሮፓ፣ ወዲያው ጨረር የወሰዱት ላይ የፒኤስኤ መመለስ ወደ ግማሽ ገደማ እንደቀነሰ አሳዩ። በቃ ለሁሉም ይሰጥ የሚል ነገር መጣ። ግን ጥናቶቹ አንድ ቀዳዳ ነበራቸው። የተነጻጸሩት ጨረር ያልወሰዱት ሰዎች ዛሬ እንደምናደርገው በቅርብ እየተለኩ ገና 0.2 ላይ የታከሙ አልነበሩም፣ ብዙዎቹ ፒኤስኤያቸው በጣም ከፍ እስኪል ተትተዋል፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ አልታከሙም። ስለዚህ የተነጻጸረው «አሁን» ከ«በጣም ዘግይቶ» ጋር ነበር። «አሁን» ከ«በጊዜ» ጋር ሲሆንስ?

ለዚህ መልስ የመጣው በ2020 ነው፣ ሦስት ጥናት በአንድ ዓመት። ራዲካልስ የሚባለው ትልቁ ነው፣ ብሪታንያ፣ ዴንማርክ፣ ካናዳና አየርላንድ ውስጥ 1396 ወንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፣ ግማሹ ወዲያው ጨረር፣ ግማሹ ፒኤስኤ ሲነሳ ብቻ። ሬቭስ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ነው፣ 333 ሰው። ጌቱግ 17 የፈረንሳይ፣ 424 ሰው። ሦስቱ ሲደመሩ 2153 ሰው መሆኑ ነው፣ የሦስቱንም ውጤት አንድ ላይ የተነተነው ስራ ደግሞ አርቲስቲክ ይባላል። በ5 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ሳይመለስ የቆዩት በሁለቱም ወገን 88 እና 89 በመቶ አካባቢ ነበሩ። ልዩነቱ አንድ በመቶ ገደማ፣ ዕጣ የሚያመጣው ዓይነት ልዩነት።

ለእኔ ከዚህ በላይ የሚገርመው ሌላኛው ቁጥር ነው። እንዲጠብቁ ከተደረጉት ውስጥ ትንተናው እስከተሰራበት ጊዜ ድረስ ጨረር ያስፈለጋቸው 39 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት ረመጡ በራሱ ቀዝቅዞላቸው ይሁን መጀመሪያም ሳይኖር ማንም አያውቅም፣ ግን እስከዛ ድረስ ሳያስፈልጋቸው የሚወስዱት ጨረር ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል እዚህ ጋ ነው የማይሰራው፣ ቅጠሉ ራሱ ስለሚያቃጥል።

የራዲካልስ ሰዎች 10 ዓመት ከተከታተሏቸው በኋላም፣ ካንሰሩ ወደ አጥንት ወይ ወደ ሌላ ሩቅ ቦታ ሳይዛመት የቆዩት ወዲያው በወሰዱት 93 በመቶ፣ በጠበቁት 90 በመቶ ነበሩ፣ በስታቲስቲክስ ስሌት ይሄ ልዩነት እርግጠኛ የሚያደርግ አይደለም። ሦስት በመቶውን አይቶ «እኔ እንደሱ ልሁን» የሚል ሰው ይኖራል፣ ይሄን ከሐኪሙ ጋር አንስቶ መነጋገር መብቱ ነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ መጠበቅ ይችላል?

አይችልም። ስለነዚህ ጥናቶች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ይሄ ነው። ጥናቶቹ ውስጥ የገቡት አብዛኞቹ መካከለኛ አደጋ ያላቸው ነበሩ፣ በጣም ክፉ ወረቀት ያላቸው ጥቂት ናቸው፣ ራዲካልስ ውስጥ ግሊሰን 8 እና ከዛ በላይ የነበረው ከአምስት ሰው አንድ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ውጤቱን ለነሱ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ግሬድ ግሩፕ 4 ወይም 5 ሆኖ ካንሰሩ ከሽፋኑ የወጣበት፣ በተለይ የዘር ከረጢቱ የተያዘበት፣ ወይም ንፍፊቱ ላይ ካንሰር የተገኘበት ሰው ፒኤስኤው የማይለካ ቢሆንም እንኳ ወዲያው ስለመጀመር የሚነገረው ለዚህ ነው። እነዚህ ሰዎች ላይ ወዲያው መስጠቱ እድሜ ሊያስረዝም እንደሚችል የሚጠቁሙ ሥራዎች አሉ፣ በዕጣ የተከፈሉ ባይሆኑም።

ሁለተኛው መጠበቅ የማይችለው ሰው ደግሞ ቀጠሮ የማያከብር ሰው ነው። ቀልዴን አይደለም። የጥናቶቹ ሰዎች በየጥቂት ወሩ እየተለኩ ነው የጠበቁት፣ አንድ ሰው ተመርምሮ ከዛ ለሁለት ዓመት ከጠፋ እሱ እየጠበቀ አይደለም፣ የድሮዎቹ ጥናቶች ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሩቅ ቦታ የሚኖር፣ በስራ ምክንያት የሚዘዋወር፣ ላብ እንደልቡ የማያገኝ ሰው ይሄን ነገር ለሐኪሙ በግልጽ መናገር አለበት፣ ምርጫውን ሊቀይረው ይችላልና።

ፒኤስኤው ስንት ሲደርስ ነው የሚጀመረው?

«ተመለሰ» የሚባልበት የተለመደው መስመር 0.2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሆኖ፣ ድጋሚ ተለክቶ ሲረጋገጥ ነው። ሬቭስ ይሄንኑ ነው የተጠቀመው፣ ራዲካልስ ግን 0.1 እና ከዛ በላይ ከሆነ ወይም ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከጨመረ ይበቃል ብሏል። ዛሬ የጨረር ሐኪሞች የሚስማሙበት ነገር፣ ይሰጥ ከተባለ ከ0.5 ሳያልፍ፣ ቢቻል 0.2 አካባቢ ይሰጥ ነው። ፒኤስኤው ባነሰ ቁጥር የቀረችው ነገር ትንሽ የመሆን፣ ከአካባቢዋ ያልወጣች የመሆን እድሏ ይጨምራል። 1 እና 2 ሲደርስ ጨረሩ አይሰራም ማለት አይደለም፣ የሚሰራላቸው ሰዎች ቁጥር ግን እየቀነሰ ይሄዳል።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ፍጥነቱም አለ። ሁለት ሰው እንውሰድ፣ ለምሳሌ ያህል። አንደኛው በጥር 0.05፣ በሐምሌ 0.10፣ በቀጣዩ ጥር 0.20 መጣበት። በየ6 ወሩ በእጥፍ እየሄደ ነው። ሌላኛውም ዛሬ 0.20 ነው፣ ግን ከ0.10 እዚህ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ወረቀቱ ላይ ያለው የዛሬ ቁጥር አንድ ዓይነት ነው፣ ሰዎቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ባጠቃላይ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በእጥፍ የሚያድግ ፒኤስኤ፣ ወይም ግሊሰኑ 8 እና ከዛ በላይ የሆነ ሰው ፒኤስኤ፣ አስጊ ነው ይባላል።

ፒኤስኤው ቀስ ብሎ የሚያድግበት ሰው ደግሞ እድሜው 80 አካባቢ ሆኖ የልብ ህመምም ካለበት፣ ሐኪሙ ምንም አናድርግ ቢል አይግረማችሁ። በ1999 ከጆንስ ሆፕኪንስ የወጣ የታወቀ ጥናት አለ፣ ፒኤስኤያቸው ከተመለሰ በኋላ ወዲያው የሆርሞን ህክምና ሳይጀምሩ የተከታተሏቸው ወንዶች ላይ ካንሰሩ ሌላ ቦታ ላይ እስኪታይ በመካከለኛ ግምት 8 ዓመት ወስዷል። ለ58 ዓመት ሰው 8 ዓመት አጭር ነው። ለ82 ዓመት ሰው ሌላ ሒሳብ ነው።

ስካኑ ምንም ካላሳየ የት ላይ ነው የሚተኮሰው?

ይሄ የሁሉም ሰው ጥያቄ ነው፣ ልክም ነው። ፒኤስኤ 0.2 ሲሆን ተራ ሲቲ ስካንና የአጥንት ስካን ምንም አያሳዩም ማለት ይቻላል። አሁን ፒኤስኤምኤ ፔት የሚባል አዲስ ስካን አለ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ህዋስ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ጨረር ያለው ንጥረ ነገር በደም ስር ይሰጥና ማሽኑ የተሰበሰበበትን ቦታ ያሳያል። ከድሮዎቹ በጣም ይሻላል፣ ግን ፒኤስኤ ከ0.5 በታች ሲሆን እሱም ከግማሽ በላይ ሰው ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ካሳየ ጨረሩ የት ድረስ ይሂድ የሚለውን ይቀይራል፣ አጥንት ላይ ካገኘ ደግሞ ዕቅዱን በሙሉ ሊገለብጥ ይችላል። ካላሳየ ግን «እስኪታይ እንጠብቅ» ማለት ስህተት ነው። ቁጥሩ እየጨመረ የሚታይ ነገር የሚጠብቅ ሰው፣ ጭሱን አይቶ ነበልባሉ ካልታየኝ ውሃ አላነሳም እንዳለው መሆኑ ነው።

ካልታየ የሚተኮሰው ፕሮስቴቷና የዘር ከረጢቶቿ በነበሩበት ቦታ ላይ ነው፣ የቀረ ነገር ካለ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዛው ስለሆነ። አንዳንዴ የዳሌ ንፍፊቶችም ይጨመራሉ።

ጨረሩ ራሱ ምን ይመስላል?

መጀመሪያ ሲቲ ስካን ያለው ክፍል ውስጥ ልኬት ይወሰዳል። ቆዳው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ሁለት ሦስት ነጥብ በቀለም ይወጋል፣ በየቀኑ ሰውዬው እዛው ቦታ ላይ በሚሊ ሜትር ደረጃ እንዲስተካከል። ከዛ የፊዚክስ ባለሙያዎች ለጥቂት ቀናት ያሰላሉ። የሚሰጠው ከሰኞ እስከ አርብ ነው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። ራዲካልስ ላይ ወይ 66 ግሬይ በ33 ጊዜ ወይ 52.5 ግሬይ በ20 ጊዜ ነበር፣ ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው። የሚከፋፈልበት ምክንያት ጤነኛው ህዋስ የተጎዳውን ዲኤንኤውን በመሐል እየጠገነ እንዲቆይ ነው፣ የካንሰሩ ህዋስ ጥገና ላይ ደካማ ስለሆነ ከቀን ቀን ጉዳቱ ይጠራቀምበታል።

አልጋው ላይ ያለው ጊዜ 10፣ 15 ደቂቃ ነው፣ አያምም፣ አይሞቅም፣ ማሽኑ እየዞረ ድምፅ ያሰማል በቃ። ፈተናው ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ፊኛው በልኩ ሞልቶ ፊንጢጣው ባዶ ሆኖ መምጣት። ፊኛው ሲሞላ አንጀቱን ወደ ላይ ገፍቶ ከጨረሩ መንገድ ያወጣዋል፣ ራሱም ግማሹ ይርቃል። በየቀኑ ይሄን ያህል ውሃ ጠጥተህ ይሄን ያህል ደቂቃ ጠብቅ ይባላል፣ እና ገና ከኦፕራሲዮን ወጥቶ ሽንቱን በቅጡ መያዝ ያልቻለ ሰው ሙሉ ፊኛ ይዞ ተራውን ሲጠብቅ አስቡት። ኮሪደሩ ላይ እግሩን አጣምሮ የሚቀመጠው ሰውዬ እሱ ነው።

ወደ ቤት ሲመለስ ጨረር ይረጫል ወይ፣ የልጅ ልጅ ማቀፍ ይቻላል ወይ የሚሉም አሉ። ይቻላል። ጨረሩ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ሰውነት ውስጥ የሚቀር ነገር የለም።

ምን ያበላሻል?

በህክምናው ሰሞን ድካም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት፣ ሲሸኑ ማቃጠል፣ ልል ሰገራ ይመጣል፣ አብዛኛው ካለቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ሰውን የሚያሳስበው ወራትና ዓመታት ቆይቶ የሚመጣው ነው። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ስፌት ሊጠብና ሽንት እንደልብ አልወርድ ሊል ይችላል፣ ራዲካልስ ላይ ከባድ ጥበት በሁለት ዓመት ውስጥ ወዲያው በወሰዱት 6 በመቶ፣ በጠበቁት 4 በመቶ ነበር። ከፊኛ ወይም ከፊንጢጣ ደም መታየት፣ ሽንት የመያዝ አቅም መቀነስ፣ የወሲብ አቅም ላይ ተጨማሪ ጉዳት አለ። ሬቭስ ላይ መጠነኛም ሆነ ከዛ የከፋ የሽንትና የመራቢያ አካል ችግር ወዲያው በወሰዱት 70 በመቶ፣ በጠበቁት 54 በመቶ ሰው ላይ ታይቷል። ከብዙ ዓመት በኋላ በጨረሩ ምክንያት ሌላ ካንሰር የመምጣት እድልም አለ፣ ትንሽ ነው ግን ዜሮ አይደለም።

ጊዜው ራሱ ለሰውነት ጥቅም አለው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ሽንት የመያዝ አቅም በወራት ውስጥ እየተመለሰ ነው የሚሄደው፣ ጨረር ሲመጣ ይሄ መሻሻል ባለበት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ፒኤስኤው ፋታ ከሰጠ ሐኪሞች ቢያንስ 3 ወር ያህል፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ፣ ሰውዬው በፓድ መጠቀሙን እስኪቀንስ ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ የዳሌ ጡንቻ ስፖርቱን የሚሰራና የማይሰራ ሰው ልዩነት አላቸው፣ እባካችሁ ስሩት፣ አሰልቺ ነው አውቃለሁ።

ሆርሞን ይጨመራል የሚባለውስ?

የፕሮስቴት ካንሰር የሚመገበው ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ነው፣ ስለዚህ በመርፌ ወይም በኪኒን ያን ማቋረጥ (የሆርሞን ህክምና የሚባለው ይሄ ነው) ጨረሩን ያግዘዋል። ለሁሉም ሰው ግን አይደለም። ጌቱግ 16 የሚባል የፈረንሳይ ጥናት 6 ወር ሆርሞን ከጨረር ጋር ሲሰጥ ካንሰሩ ተመልሶ የመምጣቱ ነገር እንደሚቀንስ አሳይቷል። በአሜሪካ የተሰራው ሌላው ደግሞ ቢካሉታማይድ የሚባለውን ኪኒን ለሁለት ዓመት ሰጥቶ በ12 ዓመት በሕይወት የቆዩት ከ71 ወደ 76 በመቶ ከፍ ብለዋል፣ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ግን ፒኤስኤያቸው ከ0.7 በላይ ሆኖ በዘገዩት ላይ ነው። በጊዜ ለመጡት ሆርሞኑ ብዙም ላይጨምርላቸው ይችላል፣ ዋጋው ግን እኩል ነው፦ ላብ ላብ ማለት፣ የወሲብ ፍላጎት መጥፋት፣ ውፍረት፣ የአጥንት መሳሳት፣ የስሜት መውረድ። «ሆርሞን ይጨመርልህ» ሲባል ለስንት ወር፣ የኔ ፒኤስኤና ግሊሰን ላይ ምን ያህል ይጨምርልኛል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኦፕራሲዮን ያደረገውንም ዩሮሎጂስት፣ የጨረር ሐኪሙንም ለየብቻ ቢጠይቁ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ሁለቱ ነገሩን ከተለያየ በኩል ስለሚያዩት።

ካለቀ በኋላ ፒኤስኤው ምን ያደርጋል?

እንደ ኦፕራሲዮኑ በ6 ሳምንት ዱብ ብሎ አይወርድም። ጨረር የነካው ህዋስ ወዲያው አይሞትም፣ ለመከፋፈል ሲሞክር ነው የሚሞተው፣ ስለዚህ ቁጥሩ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፣ የመጀመሪያው ልኬት ላይ ብዙ ለውጥ ባይታይ አልሰራም ማለት አይደለም። ሆርሞን አብሮ የወሰደ ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ማታለያ አለ። ሆርሞኑ ብቻውን ፒኤስኤን ያወርዳል፣ ስለዚህ በዛ ጊዜ ውስጥ የሚመጣው 0.01 ጨረሩ ስለሰራ ይሁን መርፌው ስለያዘው አይታወቅም። ለዛ ነው ሐኪሙ ሆርሞኑ ካለቀ ከወራት በኋላ ፒኤስኤና ቴስቶስትሮን አብረው እንዲለኩ የሚያዘው፣ ቴስቶስትሮኑ ተመልሶ ፒኤስኤው ግን ሳይነሳ ሲቀር ነው ጨረሩ ስራውን ሰራ የሚባለው።